ከፎቁ በፊት ምድር ቤቱን



እዚህ ስቶን ማውንቴን በየቡናው ዙሪያና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የማይጠፋ አንድ ወሬ አለ፤ የቤት ወሬ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ኮንዶ የሆነ ሕንፃ በመሐል ከተማ አቅራቢያ ሊሠራ ነው ሲባል ሦስት ዓይነት ሰው ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይነሳል። ቤት ፈላጊው «እንግዛ ወይስ ይቅርብን?» ይላል። ነጋዴው «ከሥሩ አንድ ሱቅ ልያዝ?» ብሎ ያሰላስላል። ተከራዩ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰፈሩ ሲያምር እኔ የት ልገባ ነው?» ይላል። ዛሬ ለሦስቱም በየተራ የሚሆን ሚዛን ይዤ መጥቻለሁ።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲመዘን ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ወደ በረንዳው፣ ወደ መስኮቱ፣ ከጣሪያው ላይ ወደሚታየው ከተማ። እኔ ግን ከሥሩ ጀምሩ እላለሁ። ምድር ቤቱ የማን ነው? የጋራው ገንዘብ በማን እጅ ነው? ውሳኔውስ መቼና የት ተወሰነ? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው ሕንፃውን መዝኖታል።

ከታች ነግዶ ከላይ ማደር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፒያሳን የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶቻቸውን ሲሠሩ ከታች ወርቅ ቤቱን፣ ልብስ ስፌቱን፣ ዳቦ ቤቱን አደረጉ፤ ከላይ ደግሞ ቤተሰብ አኖሩ። በመርካቶም ከሱቁ ጀርባ ወይም ከሱቁ በላይ የሚያድር ነጋዴ ብዙ ነበር። የዚህች የስቶን ማውንቴን ከተማ ዋና መንገድም ቢሆን የባቡር ዘመን ልጅ ነው፤ በእግር እንዲኬድበት ተብሎ ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተሠሩበት ነው። ዛሬ ገንቢዎች እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጡልን ነገር የድሮ ሰው ኑሮ ነው። ልዩነቱ ያለው ከባለቤትነቱ ላይ ነው። ድሮ ከታች የሚነግደውና ከላይ የሚያድረው ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ነበር። ዛሬ ከታች ያለው የአንድ ኩባንያ፣ ከላይ ያለው የስልሳ እማወራና አባወራ፣ መሬቱ ደግሞ የባንክ መያዣ ሊሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ ልምድ ልጀምር፤ እዚያ የሆነውን ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነዋልና። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ከተማዋ ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር ሆና በቦሌ ገርጂ የሙከራ ኮንዶሚኒየም ሠራች። ከዚያ በፊት በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጥቶ ነበር፤ አንድ ሰው የራሱን ክፍል በግሉ፣ ደረጃውንና ጣሪያውን ግን ከጎረቤቱ ጋር በጋራ እንዲይዝ የፈቀደው እሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. ሕዝቡ በመቶ ሺዎች እየሆነ ተመዘገበ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚሉት የቅድሚያ ክፍያና የብድር ድርሻ ቁጥሮች የዕለት ተዕለት ቋንቋችን ውስጥ ገቡ። ዕጣ የሚወጣበት ቀን እንደ በዓል የሚጠበቅ ቀን ሆነ። ዕጣው ወጥቶለት እልል ያለውንም፣ ሳይወጣለት ዓመት ከዓመት የቆጠበውንም ቤተሰብ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ልብ በሉልኝ። መኖሪያው በዕጣ ወጣ፤ ምድር ቤት ያለው የንግድ ቤት ግን በጨረታ ተሸጠ። ጨረታ ማለት ብዙ ገንዘብ ያለው ይወስደዋል ማለት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ከሱቁ የሚገኘው ገንዘብ የመኖሪያውን ወጪ ይደጉማል ተባለ። እውነትም ደጉሟል። ነገር ግን ከላይ አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሳት እናት፣ ድሮ በመንደሯ በር ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ዘርግታ ልጆች ያሳደገችው፣ ከሥሯ ያለውን ሱቅ መያዝ አልቻለችም። ቤት አገኘች፤ በሯ ላይ የነበረው ገበያ ግን ቀረባት። ሕንፃው የነዋሪና የነጋዴ ይባል እንጂ ነዋሪዋና ነጋዴው አንድ ሰው አልነበሩም።

ሌላም ነገር ልጥቀስ፤ ይኼኛው የሚያስመሰግን ነው። እነዚያን ኮንዶሚኒየሞች ያቀዱ ሰዎች በየግቢው የጋራ መጠቀሚያ ቤት አስበው ነበር። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ቤት ጭስ ሲወጣ፣ ሴቶቹ ሊጥ በባልዲ ይዘው ተራ ሲጠብቁ ማየት፣ ያንን ሕንፃ ያቀደው ሰው ማን እንደሚኖርበት አስቦ እንደነበር ያሳያል። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ያ ቤት በኋላ ለሌላ ሥራ ዋለ፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ሕንፃ የሚሠራው ለሚኖርበት ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ምጣድና ስለ ለቅሶ ስናገር እመለስበታለሁ።

መሐል ከተማው ሲታደስ ያለው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ልደታ ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ሲተካ፣ ለገሀር ላይ የአቡ ዳቢው ኩባንያ ኢግል ሂልስ መኖሪያውንና ንግዱን አጣምሮ ሊሠራ ሲነሳ፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና ብዙው የፒያሳ ክፍል ሲነሳ፣ የሚደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ነባሩ ሰው የት ይግባ? በለገሀር ነባር ነዋሪው እዚያው በአካባቢው ቤት እንዲያገኝ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ቃሉ ራሱ ሰው ከቦታው ሲነቀል ምን እንደሚያጣ መታወቁን ይመሰክራል። ግድግዳ በግድግዳ ይተካል። ዕድር፣ ደንበኛ፣ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ጎረቤት ግን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር በካሚዮን ተጭኖ አይሄድም።

አሁን ወደ አትላንታ እንምጣ፤ ዓመታቱንም ከዚህ በኋላ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ። ይህች ከተማ በእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ብዙ የተፈተነች ናት። በ2005 የተከፈተው አትላንቲክ ስቴሽን የቆመው የብረት ፋብሪካ በነበረበት 138 ኤከር መሬት ላይ ነው። የተበከለ አፈር ተጠርጎ፣ መኖሪያ፣ ቢሮና ሱቅ ተደርድሮበታል። በዚያ መሬት ላይ ነዋሪ አልነበረምና የተነቀለ ሰፈር የለም፤ በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ ነው። ቤልትላይን ግን ሌላ ታሪክ አለው። ራያን ግራቬል በ1999 ጆርጂያ ቴክ ለመመረቂያው የጻፈው ጥናት ነበር፤ ከተማዋን የሚዞር 22 ማይል አሮጌ የባቡር ሐዲድ የእግር መንገድና ባቡር ይሁንበት የሚል። መንገዱ ሲሠራ ሰዉ ወደደው፤ በ1926 የተሠራው የሲርስ ሕንፃ ፖንስ ሲቲ ማርኬት ሆኖ በ2014 ሲከፈት አካባቢው ደመቀ። ከዚያ የቤት ዋጋና ኪራይ ወጣ። በ2016 ራሱ ግራቬል ለድሃው ነዋሪ በቂ አልታሰበም ብሎ ከቤልትላይን ፓርትነርሺፕ ቦርድ ለቀቀ። የሐሳቡ አባት በሐሳቡ ፍሬ አዝኖ መልቀቁ ቀላል ምስክርነት አይደለም።

ከተማዋም ትምህርት ወሰደች። ከ2018 ጀምሮ በቤልትላይን አካባቢ አዲስ የኪራይ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ከቤቶቹ 10 በመቶውን የአካባቢውን መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ ለሚያገኝ፣ ወይም 15 በመቶውን 80 በመቶ ለሚያገኝ ቤተሰብ በሚቻል ኪራይ እንዲያቀርብ ተደነገገ። በዚያው ዓመት መሐል ከተማው ውስጥ ገልች ለሚባለው ጎድጓዳ የሐዲድ ስፍራ እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የሕዝብ ድጋፍ ምክር ቤቱ 8 ለ6 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። ዛሬ ሴንቴኒያል ያርድስ የምትሉት እሱ ነው። 8 ለ6! ሁለት ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ታሪኩ ሌላ ነበር። እነዚህ ነገሮች ከሰማይ የሚወርዱ አይደሉም፤ በአዳራሽ ውስጥ እጅ ወጥቶ የሚወሰኑ ናቸው።

እኛ ያለንበት ይህ ምድር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከመሐል አትላንታ ወደ 16 ማይል ወደ ምሥራቅ ነን። በ1839 ኒው ጊብራልታር በሚል ስም የተመሠረተችው ከተማ በ1847 ስቶን ማውንቴን ተባለች። ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ ጥቁሮቹ ነዋሪዎች ሸርማንታውን የተባለውን ሰፈር መሠረቱ፤ ከዚህ ተራራ ድንጋይ ፈልጠው ለሌላው ሰው ከተማ መሠረት አቆሙ። በ1915 ጥቁሮችን ያሸብር የነበረው ኩ ክሉክስ ክላን እንደገና የተቋቋመው እዚሁ ተራራ አናት ላይ ነው። በ1963 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ሲናገሩ ይህን ተራራ በስሙ የጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1997 ደግሞ ቸክ ቡሪስ የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ ይኖሩበት የነበረው ቤት ቀድሞ የክላን መሪ የነበረው የጄምስ ቬነብል ቤት ነበር። አንድ ቤት ባለቤቱ ሲቀየር የሰፈሩ ትርጉም እንዴት እንደሚቀየር ከዚህ የበለጠ ምን ያሳያል?

የእኛ ወገንም እዚህ ምድር ላይ ሥር ሰዷል። ትልልቅ መደብሮች ከሜሞሪያል ድራይቭ ሲለቁ፣ የመኪና ማቆሚያው ሣር ሲያበቅል፣ ባዶውን ፕላዛ የያዙት ስደተኞች ናቸው። እንጀራ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ቅመም ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው፣ ፀጉር ቤቱ በዚያ ተከፈተ። ከክላርክስተን እስከ ሮክብሪጅ መንገድ ያለውን ብትሄዱ የሰው ጉልበት የሞላበት ሰፈር ታያላችሁ። ስለዚህ «አዲስ ልማት መጣ» ሲባል ባዶ ቦታ ላይ አይመጣም። ሰው ላይ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ሚዛኖቹ። የመጀመሪያው የገዢው ሚዛን ነው።

ኮንዶ የገዛ ሰው ከቤቱ ጋር አንድ ማኅበር ይገዛል፤ ኤች ኦ ኤ የምንለውን። ለእኛ ይህን ለመረዳት አይከብደንም፤ ዕድር እናውቃለን። መዋጮ አለ፣ ሰብሳቢ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ከዕድር መልቀቅ ይቻላል፤ ከዚህኛው መልቀቅ የሚቻለው ቤቱን ሸጦ ብቻ ነው። በጆርጂያ የኮንዶሚኒየም ሕግ ውዝፉ 2,000 ዶላር ከደረሰ ማኅበሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ቤታችሁን እስከማሸጥ ይደርሳል፤ የባንክ ዕዳችሁን በወቅቱ እየከፈላችሁም ቢሆን።

ወርሃዊ መዋጮውን አቅልላችሁ አትዩት። አንድ ስሌት ላሳያችሁ። መዋጮው 400 ዶላር ነው እንበል። በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት በሚከፈል ብድር፣ 400 ዶላር ወደ 63,000 ዶላር የሚጠጋ ብድር የሚያስከፍለው የወር ክፍያ ነው። ስለዚህ 300,000 ዶላር የተባለላችሁ ኮንዶ ከኪሳችሁ በሚወጣው ልክ ሲታይ መዋጮ የሌለበትን የ363,000 ዶላር ቤት ያክላል። የብድሩ ክፍያ ደግሞ 30 ዓመት አንድ ዓይነት ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ መዋጮው ግን ይጨምራል። አዲስ ሕንፃ ሲሸጥ መዋጮው ዝቅ ብሎ ቢጀምር አትደነቁ፤ ሊፍቱም አዲስ፣ ጣሪያውም አዲስ ነው፣ የሚጠገን ነገር የለም። ጥያቄው በ12ኛው ዓመት ነው።

ለዚያ ቀን የሚቀመጠው የመጠባበቂያ ገንዘብ ነው። 60 ቤት ያለው ሕንፃ ጣሪያውን ለመቀየር 600,000 ዶላር ቢያስፈልገውና ሣጥኑ ባዶ ቢሆን በየቤቱ 10,000 ዶላር ይመጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው አስቀድሞ ለተዋጣ ገንዘብ ነው፤ ሳይዋጣ ሲቀር ሸክሙ ለሁሉም ይደርሳል። ጁን 24 ቀን 2021 በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ የተባለው ኮንዶ ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ሞቷል። የሕንፃው ጉዳት አስቀድሞ በመሐንዲስ ሪፖርት ተጽፎ ነበር፤ ባለቤቶቹ ስለ ጥገናው ወጪ ዓመታት ተከራክረዋል። ከዚያ ወዲህ ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች የኮንዶን መጠባበቂያ ገንዘብ አጥብቀው ይጠይቃሉ። እናንተም ጠይቁ።

ከሥሩ ሱቅ ያለበት ኮንዶ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። የመንግሥት የቤት ብድር ዋስትና ሰጪው ኤፍ ኤች ኤ እና የቤት ብድር ገዢው ፋኒ ሜ፣ በሕንፃው ውስጥ ለንግድ የዋለው ስፋት ከጠቅላላው 35 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ። ከበለጠ እናንተ በካሽ ብትገዙት እንኳ ነገ ከእናንተ የሚገዛው ሰው መደበኛ ብድር ላያገኝ ይችላል። ቀጥሎ ደግሞ ምድር ቤቱ በማኅበሩ ውስጥ ስንት ድምፅ አለው? የሬስቶራንቱን ቆሻሻ ማን ያስነሳል? የሱቁ ደንበኛ የሚያቆምበት ቦታ የእናንተ ነው ወይስ የራሱ? ሱቁ የማይጠቀምበትን ሊፍት፣ እናንተ የማትጠቀሙበትን የጭነት በር ማን ይከፍላል? መልሱ የሚገኘው ከሻጩ አፍ ሳይሆን ዲክላሬሽን ከሚባለው ሰነድ ነው። ሕጉ ደግሞ ይረዳችኋል፤ በጆርጂያ ከገንቢው በቀጥታ አዲስ ኮንዶ የሚገዛ ሰው ሰነዶቹን በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ውሉን የሚሰርዝበት 7 ቀን አለው። ብዙ ሰው እነዚያን 7 ቀናት የሚያሳልፈው ሶፋ በመምረጥ ነው። እባካችሁ በማንበብ አሳልፏቸው፤ እንግሊዝኛው ከከበደ ጠበቃ ክፈሉ።

አሁን ወደ ምጣዱና ወደ ለቅሶው ልመለስ። ለኑሯችን የሚሆን ቤት ነው ወይ? ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው በክፍላችሁ ብቻ ነው ወይስ በኮሪደሩ ጭምር? የምድጃው ማስወጫ ጭሱን ወደ ውጭ ያወጣዋል ወይስ አጣርቶ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሰዋል? ከሁሉ በላይ ግን የእንግዳ መኪና ማቆሚያውን ቁጠሩ። ከእኛ አንዱ አገር ቤት እናቱ ያረፈች ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰማንያ መኪና በሩ ላይ ይቆማል፤ ይህ ለሦስት ቀን፣ ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ለ60 ቤት 8 የእንግዳ ማቆሚያ ብቻ ያለው ሕንፃ ሐዘናችንን በቤታችን እንዳንቀመጥ ይከለክለናል፤ ማንም ይህን ሆን ብሎ አላደረገውም፣ ማንም ግን አላሰበንም። የጋራ አዳራሽ ካለ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ለስንት ሰው ይፈቀዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ለሻጩ ጥቃቅን ሊመስሉት ይችላሉ። ለእኛ ግን ኑሮ ናቸው።

ሁለተኛው የነጋዴው ሚዛን ነው።

ምድር ቤት ሱቅ ለመከራየት የምታስቡ ወገኖቼ፣ አዲስ ሕንፃ ብዙ ጊዜ የሚያስረክበው ባዶ ቀፎ ነው፤ ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው ያልተለሰነ፣ መብራቱና ውሃው ጫፍ ላይ የቆመ። ያንን ሞልቶ ሱቅ የማድረግ ወጪው የማን ነው? ኪራዩ ትሪፕል ኔት ከሆነ የሕንፃውን ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ድርሻችሁን ከኪራዩ በላይ ትከፍላላችሁ። ሕንፃው ሲወደድ ታክሱ ይጨምራል፤ ጭማሪው እናንተ ጋ ይመጣል።

ምግብ ቤት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የጭሱ መውጫ ቱቦ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ተሠርቷል ወይ? ሕንፃው ሲሠራ በፎቆቹ መካከል ያ ቦታ ካልተተወለት፣ በኋላ ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ቱቦ ማሳለፍ አይቻልም ማለት ይቻላል። ክትፎና ጥብስ የሚሠራ ቤት ያለዚያ ቱቦ የሥራ ፈቃድ አያገኝም። የቅባት ማጣሪያው ጉዳይም እንደዚሁ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት የሚያምር ምድር ቤት ለባንክ ቅርንጫፍና ለጥፍር ቤት ብቻ የሚሆን ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱም ዓመታት ባዶውን ይቆያል፤ መስታወቱ ላይ «ይከራያል» የሚል ወረቀት ፀሐይ ሲያገረጣው ይኖራል። ባዶ ምድር ቤት ደግሞ ከላይ ያለውን የመኖሪያ ዋጋም ይዞ ይወርዳል። የኮንዶ ባለቤትና የሱቅ ተከራይ ጥቅማቸው የተሳሰረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የሰፈሩ ሚዛን ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው።

ልማት አይምጣ የሚል ሰው አይደለሁም። በአቮንዴል ባቡር ጣቢያ አጠገብ የነበረው የመኪና ማቆሚያ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፤ የአትላንታ የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት የሆነው ማርታ በጣቢያዎቹ ዙሪያ በሚሠሩ ቤቶች 20 በመቶው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው እንዲመጥን የሚል ግብ ይዟል። የእኛው ኢንዲያን ክሪክ ጣቢያም በሰፊ አስፋልት እንደተከበበ ነው። ያለ መኪና ወደ ሥራ የሚሄድ አባት፣ ከትምህርት ቤት በእግሩ የሚመለስ ልጅ፣ ፎቁ ላይ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ አያት፤ ይህ ሁሉ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቤት በሆነ ሰፈር ይቻላል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ለእኛም ይገባናል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በጆርጂያ ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች በግል ቤት ኪራይ ላይ ጣሪያ ማበጀት አይችሉም። ስለዚህ ሕንፃው ከቆመ፣ ሰፈሩ ከተወደደ፣ የጎረቤቱ አፓርታማ ኪራይ ከጨመረ በኋላ ብንጮህ የሚሰማን አካል እጁ የታሰረ ነው። ሰሚ ያለበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ የመሬቱ አጠቃቀም ሲቀየር፣ ገንቢው ፈቃድ ሲጠይቅ። ያኔ ምክር ቤቱ «እሺ፣ ነገር ግን» ማለት ይችላል። እሺ፣ ነገር ግን ለነባሩ ሰው የሚመጥን ቤት ይኑርበት። እሺ፣ ነገር ግን ምድር ቤቱ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሆኑ ትንንሽ ሱቆች ይኑሩት፤ የጭስ መውጫ ይሠራለት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ፈቃድ ከወጣ በኋላ የምንታጠቀው መቀነት እንዲህ ነው።

ያ ጊዜ የት ይገኛል? በመንገድ ዳር በሚተከል ሰሌዳ ላይ። ገንቢው የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሲጠይቅ፣ በጆርጂያ ሕግ ከሕዝብ ስብሰባው ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ በቦታው ላይ ማስታወቂያ መተከል፣ በጋዜጣም መውጣት አለበት። በየቀኑ በመኪና እናልፈዋለን፤ ባዶ መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ የቆመ ሰሌዳ ነው፣ ቀንና ሰዓት አለው። በስብሰባው ላይ ለደጋፊዎች ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለተቃዋሚዎች ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሰጣል። 10 ደቂቃ ለአምስት ሰው ይበቃል። አንዲት እናት ተነስታ «እኔ እዚህ 18 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ልጆቼ እዚህ ተምረዋል» ብትል፣ ያ ቃል በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፖስታችሁ ላይ ስቶን ማውንቴን ስለተጻፈ ብቻ በስቶን ማውንቴን ከተማ አስተዳደር ሥር ናችሁ ማለት አይደለም። 30083፣ 30087፣ 30088 ከሚሉት ቁጥሮች ውስጥ የሚኖረው አብዛኛው ሰው ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ በቀጥታ በዲካብ ካውንቲ ሥር ነው። ለእሱ ውሳኔው የሚሰጠው ዲካተር ባለው የካውንቲ ኮሚሽን ነው። ሰው የማይመለከተው አዳራሽ ሄዶ ሲናገር አምሽቶ፣ የሚመለከተው አዳራሽ ባዶውን እንዳያድር አድራሻችሁን አጣሩ።

ወገኖቼ፣ ልጨርስ። እኛ የዕቁብ ሰዎች ነን፤ ገንዘብ ማሰባሰብ እናውቃለን። የዕድር ሰዎች ነን፤ ደንብ ማክበርና ማስከበር እናውቃለን። አምስት ቤተሰብ በዕቁብ ተሰብስቦ ምድር ቤት ያለ ሱቅ በጋራ ቢገዛ፣ ያ ሱቅ ከላይ ለሚኖሩት ለራሳቸው ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ያቺ እናት የቀረባት ነገር ይህ ነበር። ኮንዶ የገዛችሁ ካላችሁ ለማኅበሩ ቦርድ ተመረጡ፤ የመጠባበቂያውን ሣጥን የምታዩት ከዚያ ወንበር ላይ ነው። ቤት ያላችሁ ደግሞ ከኤፕሪል 1 በፊት የሆምስቴድ የታክስ ቅናሻችሁን አመልክቱ፤ ጆርጂያ ታክስ የምታሰላው ከቤቱ ግምት 40 በመቶ ላይ ነው፤ ሰፈሩ ሲወደድ ግምቱ አብሮ ይወጣል።

ተከራይ የሆናችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የጠየቃችሁ፣ ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ። ስብሰባው ለቤት ባለቤት ብቻ አይደለም። በር ላይ የባለቤትነት ወረቀት የሚጠይቃችሁ የለም። ኑና ተናገሩ።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በሜሞሪያል ድራይቭም ሆነ በሮክብሪጅ ባዶ መሬት ላይ ሰሌዳ ካያችሁ መኪናችሁን በደኅና ቦታ አቁማችሁ ውረዱና አንብቡት። ቀኑን ጻፉ። ለአምስት ሰው ደውሉ። ያ ሰሌዳ ከተተከለ በኋላ በእጃችን ያለው ጊዜ 15 ቀን ሊሆን ይችላል።